ዝርዝሩ ውስጥ የሌለው መኪና

የምሠራው የጭነት መኪናዎችን በሚከታተል ሶፍትዌር ላይ ነው። ሹፌሩ ጂቡቲ ወደብ ጭኖ፣ ጋላፊን ተሻግሮ፣ ሚሌ ላይ ምሳውን በልቶ አዋሽ እስኪደርስ ድረስ አዲስ አበባ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ስክሪኑ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ስትሄድ ያያል። ነጥቧን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ግማሹ የኔ ነው። አዲስ መኪና ሲመዘገብ የሚሞላ ቅጽም አለ፦ ታርጋ፣ የመጫን አቅም፣ የሹፌር ስም፣ ስልክ፣ ሞዴል። "ሞዴል" የሚለውን ሲነኩት የመኪና ስም ዝርዝር ይዘረገፋል። መጨረሻው ላይ፣ እንደማንኛውም ቅጽ፣ "ሌላ" የሚል ምርጫ አለ።

አባቴ ሹፌር ነበር። አሁን ሰባዎቹን አጋምሷል፤ የሚኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ እኔ የመጨረሻ ልጁ ነኝ። ባለፈው ለገና ቤት ስሄድ "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድን ነው?" ብሎ ስለወተወተኝ ቅጹን ስልኬ ላይ ከፍቼ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገና ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ደገመው።

"ኤንትሬ የለም?"

"የለም አባዬ። ከተመዘገበም 'ሌላ' ውስጥ ነው የሚገባው።"

"ሌላ!" አለና ስልኩን መለሰልኝ። "አገር ሲሸከም የኖረ መኪና 'ሌላ' ሆኖ ቀረ በይኛ።"

እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላም ቃሏ አልለቅ አለችኝ። ይኸው ጽሑፍም ከእሷ ነው የመጣው።

*

"ሊሚትድ ኤዲሽን" ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ጫማ ወይም ስልክ ነው። ከባድ መኪናም ግን ሊሚትድ ኤዲሽን አለው። ዳፍን ውሰዱ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስሙን የሚያውቀው ከአንበሳ አውቶቡስ ነው። ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1928 ኔዘርላንድ ውስጥ የተመሠረተ ፋብሪካ ነው። ዘጠና ዓመት ሲሞላው፣ በ2018፣ ለመታሰቢያ የሚሆን ልዩ እትም አወጣ፤ ብዛቱ 250 መኪና ብቻ። በዚያው ዓመት ቮልቮም ኤፍ ኤች የሚባለው መኪናው 25 ዓመት ስለሞላው የራሱን ልዩ እትም ሠርቷል። አውሮፓ ውስጥ እንደነዚህ ያሉትን መኪናዎች እየተከታተሉ ፎቶ የሚያነሱ፣ ገዝተውም እንደ ልጅ የሚንከባከቡ ሹፌሮች አሉ።

የአንዱን ልዩ እትም ቪዲዮ ለአባቴ በቴሌግራም ላክሁለት። የሚያብረቀርቅ ቀለም፣ የቆዳ ወንበር፣ አልጋ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሁሉም አለው። መልሱ በድምፅ መጣ።

"ቆንጆ ነው። ግን 250 ብቻ ከሆነ መለዋወጫውን ከየት ያመጡታል?"

ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። መልሱ "ከማንኛውም መደብር" ነው። ልዩ እትም የሚባለው መኪና ቀለሙና ጌጡ ሲገፈፍ ውስጡ ያው መደበኛው መኪና ነው። ሞተሩ ያው፣ ካምቢዮው ያው። በእኛ ሙያ ቋንቋ፣ ዎልፔፐሩ ተቀየረ እንጂ ኮዱ አልተነካም።

የአባቴ መኪና ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። ኤንትሬ ከፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ከሌላው አይለይም ነበር። የኛን መንገድ ጥቂት ዓመት ከተመላለሰ በኋላ ግን ሁለት አንድ ዓይነት ኤንትሬ ማግኘት አይቻልም። ፋብሪካው ያላሰበውን ልዩ እትም ያወጡት ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ በያጁና ረዳቱ ናቸው።

*

መጀመሪያ ስሙን እንፍታው፤ እኔ ራሴ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ ትርጉሙን አላውቅም ነበር።

የቱሪኑ ፊያት 682 የሚባለውን ከባድ መኪና እ.ኤ.አ. በ1952 አወጣ። የመጀመሪያው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ ሞተር ነበረው፤ ጉልበቱ 140 ፈረስ ነው። ዛሬ ጂቡቲ መስመር ላይ የሚሠራ አዲስ መኪና 400 ፈረስ ጉልበት ቢኖረው ማንም አይደነቅም። ከቁጥሩ ጎን ያለችው "ኤን" የ"ናፍታ" መነሻ ፊደል ናት። ጣልያኖች የዲዝል ነዳጅን ናፍታ ይሉታል፤ የኛ "ናፍጣ" የመጣው ከዚያው ነው። "ትሬ" ሦስት ማለት ነው። ስለዚህ ኤንትሬ ማለት በግርድፉ "ናፍጣ ሦስት" ነው። መጀመሪያ ኤን ነበረ፣ ከዚያ ኤን ሁለት መጣ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጆቹ፣ ኤን ሦስት ተከተለ። በቃ፣ የቨርዥን ቁጥር ነው! አያቶቻችን "ቨርዥን ሦስት መጣ" እያሉ ነበር የሚያወሩት።

አገሩ ጣልያን ውስጥ ግንባሩ ላይ እንደ ጢም ግራና ቀኝ በተዘረጋው ጌጥ የተነሳ "ባፎ" ይሉታል፤ ጢም ማለት ነው። በአህጉራችን ከመብዛቱ የተነሳ ደግሞ "የአፍሪካ ንጉሥ" የሚል ማዕረግ አግኝቷል። ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመት! እኔ የጻፍኩት ኮድ ሦስት ዓመት ሳይነካ ከቆየ "ይሄ ነገር አርጅቷል፣ ከእንደገና እንጻፈው" የሚል ሰው አይጠፋም።

የጣልያን መኪና እዚህ የተገኘው ግን በንግድ ብቻ አይደለም። ከኤንትሬ በፊት ሽማግሌዎች "ትሬንታ ኳትሮ" የሚሉት ነበር። ፊያት 634 ነው፤ ምርቱ እ.ኤ.አ. በ1931 ተጀመረ። ፋሺስት ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ወታደርና ጥይት ከጫኑት መኪናዎች አንዱ ይሄ ነበር። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ወጣ። መንገዶቹና ጋራዦቹ ቀሩ፣ ከነሱ ጋር ቃላቱም ቀሩ። ጎማ፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ፖምፓ፣ ክሪክ፣ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። ዛሬ የቻይና መኪና የሚፈታ የሃያ ዓመት መካኒክ የሚጠራው በነዚሁ ስሞች ነው። አንድ ቃል ልጨምር፤ በኋላ እንፈልገዋለን። ጎማ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የሚወሸቀው ግንድ "ታኮ" ይባላል። ታኮ ጫማ የምንለው ራሱ ነው። በጣልያንኛ ተረከዝ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ አምቼ ተቋቋመ፤ የፊያት ከባድ መኪናዎች እዚሁ መገጣጠም ጀመሩ። የዛሬ ልጅ አምቼን የሚያውቀው ምናልባት እንደ ሰፈር ስም ነው።

*

አሁን መንገዱን ልንገራችሁ፤ መኪናውን ያለ መንገዱ ማስታወስ አይቻልም።

አባቴ የሚመላለሰው አሰብ ነበር። ከአዲስ አበባ በደሴው መንገድ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በባቲ አድርጎ ወደ አፋር በረሃ፣ ከዚያ ቀይ ባሕር። በድምሩ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ወለል ላይ የተጫነ ስንዴ ወይም ሲሚንቶ አዲስ አበባ ለመግባት ጣርማበርን መውጣት አለበት። ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት ነው፤ አቀበቱን ጨርሰህ ዋሻው አፍ ስትደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ፤ ጉምና ብርድ ይቀበልሃል። በመሐሉ ያለው ልዩነት ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ይህን ሽቅብ 140 ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ጉልበት ባለው ሞተር፣ ከነተሳቢው፣ ከነሙሉ ጭነቱ አስቡት። አባቴ "ረዳቱ ወርዶ በእግሩ ይቀድመናል" ይላል። ማጋነን ይመስለኝ ነበር። ሌሎች ሹፌሮችም ሲደግሙት ሰማሁ።

ማርሹም እንደ ዛሬው አይደለም። ለመቀየር ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥ፣ በመሐሉ ደግሞ ነዳጁን መጥኖ ሞተሩን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ዳገት ላይ ማርሹ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ መኪናው ይቆማል። ቆመ ማለት ወደ ኋላ ሊሄድ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ እንደ ኢንጂነር በጣም የገረመኝ እሱ ነው። የጣልያን ከባድ መኪናዎች እዚያው አገራቸው በቀኝ እየተነዱ እንኳን ለረጅም ጊዜ መሪያቸው በቀኝ በኩል ነበር። ምክንያቱ ተራራ ነው። ሹፌሩ በቀኝ ከተቀመጠ የመንገዱን ጠርዝና ገደሉን ቁልቁል ያያል፤ ጎማው ከጠርዙ ስንት ጣት እንደቀረው ያውቃል። እኛ አገር ደግሞ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ የሚነዳው በግራ ነበር። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ ወደ ቀኝ ተዛወረ። አባቴ በነዳው ኤንትሬ ላይ መሪው በቀኝ ነበር። ይህ ማለት ገደሉን አጥርቶ ያያል፤ ከፊቱ ያለውን መኪና ማለፍ ሲፈልግ ግን ከወዲያ የሚመጣውን አያይም።

ታዲያ ማን ያይለታል? በግራ የተቀመጠው ረዳት። "እለፍ!" ካለ ይታለፋል፤ "ቆይ!" ካለ ይጠበቃል። የመኪናው ግማሽ ዓይን አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር። አባቴም የጀመረው እንደዚያው ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ረዳት ሆኖ።

የረዳት ሥራ በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሸራ ማሰር፣ ውኃ መቅዳት፣ ጎማ መፍታት፣ ከመኪናው ሥር መተኛት፣ ኬላ ላይ ወረቀት ይዞ መሮጥ፣ ምግብ ማብሰል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታኮ። መኪናው ዳገት ላይ ሲዝል ረዳቱ ታኮውን ይዞ ይዘላል። በቀስታ እየሄደ ካለው የኋላ ጎማ አጠገብ እየተራመደ ይጠብቃል። ልክ ሲቆም ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ሹፌሩ ማርሽ አስገብቶ ሲነሳ ታኮውን ያነሳና እንደገና ይራመዳል። እንዲህ እያለ ዳገቱ ያልቃል።

*

የመኪናው "ልዩ እትም" መሆን የጀመረው በዚህ መንገድ ላይ ነው። ባሌስትራ ይሰበራል፤ አንድ ቅጠል ይጨመርበታል፣ ቀጥሎ ሁለት። ስፖንዳው ከፍ ይላል፤ ባለቤቱ ብዙ መጫን ይፈልጋል። ራዲያተሩ ለአፋር ሙቀት አልበቃ ስላለ ያልተሞከረ ዘዴ የለም። ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ወር ይፈጃልና ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ጎበዝ ቶርኖ ቤት ከብረት ጠርቦ ያወጣዋል። ከዚያ ጌጡ ይመጣል፦ የጎን ሥዕል፣ አንበሳ፣ ጽጌረዳ፣ መስተዋት ላይ የተንጠለጠለ ጨሌ፣ ግንባሩ ላይ ጥቅስ። የአባቴ መኪና ላይ የተጻፈው "ቀን ያልፋል" ነበር።

በሶፍትዌር ዓለም አንድ ሰው የሌላውን ኮድ ወስዶ በራሱ መንገድ ሲቀጥልበት "ፎርክ" እንለዋለን። እያንዳንዱ ኤንትሬ ፎርክ ነበር። ችግሩ፣ የተለወጠው ነገር የትም አልተጻፈም። የትኛው ቅጠል ለምን እንደተጨመረ፣ የትኛው ቡሎን ከየትኛው መኪና እንደመጣ የሚያውቁት ሹፌሩና መካኒኩ ብቻ ናቸው። እኛ ጋ ለዚህ የሚያስፈራ ቀልድ አለን፦ "ፕሮጀክቱ እንዲሞት ስንት ሰው መኪና ቢገጨው ይበቃል?" እንላለን። መልሱ አንድ ከሆነ ፕሮጀክቱ አደጋ ላይ ነው። ለያንዳንዱ ኤንትሬ መልሱ አንድ ነበር፤ ቢበዛ ሁለት።

*

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለመጻፍ ብዬ በጾም ወቅት እንደገና ኮምቦልቻ ሄድኩ። አባቴ ሁለት የድሮ ባልደረቦቹን ጠራልኝ። እናቴ ቡና አፈላች። ስልኬን ድምፅ እንዲቀዳ አድርጌ ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ደስ የሚል ነበር። የልጆቻቸውን ልደት የማያውቁ ሰዎች የመኪና ታርጋ ከነቁጥሩ ይጠራሉ። አንደኛው በድምፁ ብቻ የማን ኤንትሬ እንደሚመጣ ከባቲ ቁልቁለት ላይ ለይተው ያውቁ እንደነበር ነገሩኝ። ሌላኛው ሰኞ ባቲ ገበያ መሐል ሲያልፉ ግመል አልነሳም ብሎ ጥሩንባ ሲነፉ እንዳረፈዱ አወሩ። ስለ አሰብ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ዓሣው፣ ሙቀቱ፣ በሶቪየት እርዳታ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ ማታ ማታ የሚታየው እሳቱ። ለኔ አሰብ የዜናና የክርክር ቃል ነው። ለነሱ ገላ የሚታጠቡበት፣ ሻሂ የሚጠጡበት፣ ተራ የሚጠብቁበት ከተማ ነው።

"ቆይ" አልኳቸው፣ "ያኔ ከናንተ ጋ የነበሩት ረዳቶችስ? አንዱን ባገኝ ደስ ይለኛል።"

ሁለቱ እንግዶች አባቴን አዩት። አባቴ ሲኒውን አስቀመጠ።

"እኔ አንድ ነበረኝ" አለ። ይህን ታሪክ ሃያ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ሰምቼው አላውቅም።

1971 ዓ.ም. ነው፤ ክረምት። ከአሰብ ስንዴ ጭነው ወደ አዲስ አበባ እየወጡ ነው። ጭነቱ ከልክ በላይ ነበር። የፍሬን ሸራው ማለቁን አባቴ ለባለቤቱ ነግሮታል፤ ባለቤቱ "ይችን አንድ ጉዞ ተመለስና እንቀይራለን" ብሎታል። ደብረ ሲናን አልፈው ጣርማበር አቀበት ላይ መኪናው ዛለ። ጉም ነው፤ መሬቱ ረጥቧል። ረዳቱ ታኮውን ይዞ ወረደ። አንዴ ወሸቀ፤ ተነሱ። ሁለተኛ ወሸቀ፤ ተነሱ። ሦስተኛው ላይ ጭቃው አንሸራተተው። የእጅ ፍሬኑ መኪናውን ሊይዘው አልቻለም።

"አንድ ክንድ ነው ወደ ኋላ የሄደችው" አለ አባቴ። "አንድ ክንድ ብቻ።"

ልጁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ግንባሩ ላይ "ቀን ያልፋል" ብሎ የጻፈው እሱ ነው፤ ጽሕፈቱ ያምር ነበር አለ አባቴ። ባለቤቱ ለለቅሶው አንድ ጆንያ ስንዴ ላከ። ከዚያው ጭነት። አባቴ በዚያችው መኪና ዘጠኝ ዓመት ሠራባት።

ምን እንደምል ጠፋኝና የማይረባ ጥያቄ ጠየቅሁ። "መኪናዋን አልጠላሃትም?"

"እሷ ምን አደረገች? የፍሬን ሸራ እኮ የሚቀይረው ሰው ነው።" ትንሽ ቆየ። "እኔም ማለቁን እያወቅሁ ነው የነዳሁት። 'አልነዳም' ብል ሌላ ሹፌር በሩ ላይ ቆሟል። ግን እያወቅሁ ነው።"

እናቴ ሦስተኛውን ቡና ቀዳች። ከእንግዶቹ አንዱ ቀስ ብለው፣ "እኔም ጋ አንድ ነበረ" አሉ። ሌላኛው ምንም አላሉም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። መቅጃውን አጠፋሁት።

*

መኪናው እንዴት እንደጠፋ ልጨርስላችሁ።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ መንገድ ተዘጋ። እኔ ያኔ ዳዴ የምል ሕፃን ነበርኩ። የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ጂቡቲ ዞረ። አባቴ ሰውነቱ ሳይደክም መንገዱ ቀደመው ማለት ነው። ጥቂት ዓመት ጂቡቲ ተመላለሰና አቆመ። ቀስ በቀስ አዳዲስ መኪናዎች መጡ፤ ፈጣኖች ናቸው፣ ጉልበታሞች ናቸው። ሕዝቡ ለነሱም ስም አወጣላቸው። ኢሱዙን በሚያደርሰው አደጋ ብዛት "አልቃይዳ" አለው፤ ቀዩን ሲኖትራክ "ቀይ ሽብር"። አስቡት፣ ኤንትሬ በቨርዥን ቁጥሩ ተጠራ፣ እነዚህ በሚገድሉት ሰው። ኮምቦልቻ ሳልሄድ በፊት ይህን ንጽጽር "ድሮ ደግ ነበር" ለማለት ልጠቀምበት አስቤ ነበር። አሁን አልችልም። ኤንትሬም ይገድል ነበር፤ የሚገድለው ግን ከኋላ ጎማው ጎን የሚራመደውን ልጅ ስለነበር ስም ሊያወጣለት የተረፈ ሰው አልነበረም።

ኤንትሬ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ክፍለ ሀገር ድንጋይና አሸዋ የሚያመላልስ፣ ጭስ የሚተፋ ሽማግሌ አልፎ አልፎ ይታያል። አብዛኛው ግን ተቆራርጦ ለብረት ማቅለጫ ተሽጧል። የአባቴ መኪናም እንደዚያው ሆናለች። ቀልጣ የአርማታ ብረት ሆና የአንዱ ኮንዶሚኒየም ምሰሶ ውስጥ ትኖር ይሆናል። አባቴ ይህን ሲነግረኝ አላዘነም። "ተሸከም የተባለ ብረት ነው፤ እዚያም ይሸከማል" አለ።

አውሮፓ ውስጥ 250 ብቻ የተሠራውን መኪና የያዘ ሹፌር ሊኮራ ይገባዋል፤ ቅር አይለኝም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስለ ኤንትሬ ስናወራ ሞተሩን፣ ጥንካሬውን፣ ሹፌሩን እናወራለን። "ኤንትሬ አይሞትም" ይባል ነበር። ያልሞተው ብቻውን አልነበረም። ያቆሙት ልጆች ነበሩ፣ በእጃቸው ግንድ ይዘው። የሹፌሩ ስም ቢያንስ በመንጃ ፈቃድ ላይ፣ በወደብ መዝገብ ላይ፣ በልጆቹ አፍ ላይ አለ። የረዳቱ ግን የትም የለም። የዚያን ልጅ ስም አባቴ ነግሮኛል። ቤተሰቦቹን አፈላልጌ እስካስፈቅድ ድረስ እዚህ አልጽፈውም።

*

አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ሥራ ላይ ዝርዝሩን መክፈት ነው። "ኤንትሬ" ብዬ ጨመርኩ። አምስት ደቂቃም አልፈጀም። እስካሁን አንድም ሰው መርጦት አያውቅም፤ የሚመርጠውም አይመስለኝም። ለአባቴ የስክሪኑን ፎቶ ስልክለት አውራ ጣት ብቻ መለሰልኝ።

ከዚያ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ታርጋ። አቅም። የሹፌር ስም። ስልክ። ሞዴል። ሦስት ዓመት የሠራሁበት ቅጽ ነው። "ረዳት" የሚል ሳጥን የለውም። ማንም ከልክሎኝ አይደለም። አላሰብኩትም፤ በቃ።

በስብሰባ ላይ ሳነሳው አለቃዬ "ይሄን የጠየቀ ደንበኛ አለ?" አለኝ። የለም አልኩ። "እሺ፣ ግዴታ ካልሆነ አስገቢው" አለ። አስገባሁት። ስም እና ስልክ፤ ባዶም ቢተው ቅጹ ያልፋል።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሹፌር የድጋፍ መስመራችን ላይ ደወለ፤ ከሚሌ ነው። ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። የረዳቱን ስም እንዳስገባ፣ ግን ልጁ ስልክ እንደሌለው ነገረኝ።

"ታዲያ በሱ ቦታ" አለኝ፣ "የእናቱን ስልክ ባስገባ ችግር አለው?"